ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ሳቁ ሁለት ጊዜ ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ አማርኛ የምንሰማው እንስቃለን። እኛ ጸጥ ስንል ደግሞ፣ ቀልዱን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው በኦሮምኛ እስኪነግራቸው ሲጠብቁ የቆዩት በተራቸው ይስቃሉ። አንዳንዴ የእነሱ ሳቅ ከእኛው ይበረታል፤ አንዳንዴ ደግሞ እኛን እንባ በእንባ ባደረገን ነገር እነሱ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ይቀራሉ።

ቦታው ነገሌ ቦረና፣ ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ለአንድ የጉዞ ጽሑፍ ብዬ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ በአለታ ወንዶና በሀገረ ሰላም አልፌ፣ የቦሬ ጭጋግ ገና ከልብሴ ሳይደርቅ በአዶላ በኩል ወደ ግራሩ ቆላ ወርጄ፣ አመሻሽ ላይ ከአንድ ካፌ ገብቼ ተቀምጫለሁ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረዋል፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይጠጣሉ። እኛ ወደ ውስጥ ገባ ብለን ቢራ ይዘናል። «እኛ» የምለው ከአንድ ሰዓት በፊት የተዋወቅኳቸውን አንድ መምህር፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የምንከታተለው በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረውን «ምን ልታዘዝ» የተሰኘ ተከታታይ ኮሜዲ ነው።

ላላየው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በዚያ ድራማ ነገር ሁሉ የሚሆነው በአንድ ካፌ ውስጥ ነው። ባለቤት አለ፣ ሠራተኞች አሉ፣ ደንበኞች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ተመልካቹ ግን ካፌውን እንደ ካፌ አይቶት አያውቅም፤ አገር ነው የሚለው። ስለዚህ አዲስ ክፍል በተላለፈ ቁጥር በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየቢሮው የሚነሣው ጥያቄ «እንዴት ነበር?» የሚል ሳይሆን «ማን ማለታቸው ነው?» የሚል ነበር። ባለቤቱ እገሌ ነው፤ የለም፣ እገሌማ ያ ደንበኛው ነው፤ ያቺ የተሰበረች ወንበር እኮ እንዲሁ ወንበር አይደለችም! ነገሌም ያው ነበር። እንዲያውም እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ነኝና ምሥጢሩን ከምንጩ የቀዳሁ መስዬ፣ የማላውቀውን ሁሉ እንደማውቅ እያደረግኩ ስተነትን አመሸሁ። ባለ ካፌውም ከባንኮኒው ወጥቶ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ከሁላችንም ይልቅ የሚስቀው እሱ ነበር።

በመካከሉ፣ በር አጠገብ ከተቀመጡት አንዱ፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ፣ ለሚያስተረጉማቸው ጎረምሳ የሆነ ነገር ጠየቁት። ጎረምሳው ትንሽ አፈር እያለ ወደ እኛ ዞረ። «እንግዳ ነህና ታውቅ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይላሉ። ሰውዬው ለእነዚህ ለሚላላኩት ልጆች ምን ይሰጣቸዋል?»

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ሹፌሩ።

«ባለቤቱ። የቴሌቪዥኑ።»

ሳቅን። የዚያ ምሽት ሦስተኛው ዓይነት ሳቅ ይህ ነበር። ሽማግሌው ድራማው እንዳልገባቸው ቆጠርነው፤ መምህሩም በትሕትና «ይኼ እኮ ምሳሌ ነው፣ ካፌው ካፌ አይደለም» ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ጎረምሳው ይህንን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። እኛም እየተከራከርን በጨለማ ወጣን፤ ክርክሩ በየመንገዳችን እስክንለያይ አላለቀም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለ ሽማግሌው ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ እንኳ ትዝ አላለኝም። የመጣልኝ በማግስቱ ነው፤ ለምን እንደመጣልኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነን። ይህንን እንደ ሙያ እንጂ እንደ ነውር አልቆጥረውም። በግልጽ መናገር ያስከፍል በነበረበት አገር አድማጭ ከንግግሩ ጀርባ ማየትን ይማራል፤ የማይማር የዋህ ይባላል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ ሲያቀርቡ መድረኩ ላይ የወጡት አውሬዎች ነበሩ። ከተመልካቹ መካከል የነበሩት መኳንንት ግን አውሬ አላዩም፤ ቤተ መንግሥቱን አዩ። ንግሥት ዘውዲቱም ተውኔት እንዲቀር አደረጉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። የተነኩት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ መነካታቸውንም ወዲያው አወቁ። ቁጣቸው ባይወደድም ማስተዋላቸው ግን ሊናቅ አይገባም። ነገሌ ላይ የኛ ባለ ካፌ ስለ አንድ ባለ ካፌ የተሠራ ድራማ እያየ፣ ጉልበቱን እየመታ ሲስቅ፣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የተነካ አይመስልም ነበር።

ለምን? ወርቁን ስላገኘ ነዋ! ወርቁ ደግሞ ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ነው፣ አራት ኪሎ ነው። የድራማው ባለቤት ሚኒስትር ከሆነ ባለ ካፌ መሆኑ ቀረ፤ ባለ ካፌ መሆኑ ከቀረ ደግሞ ካፌ ያለው ሰው ሁሉ ነፃ ወጣ። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። መጋቢት 2010 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ተለውጦ፣ ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ለማወቅ ሁሉም የጓጓበት ጊዜ ነው። ወርቅ ፈላጊው ሁሉ በየምሽቱ እጁ ሞልቶ ይመለስ ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ደፋሮች የሆንን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ያ ሁሉ ድፍረታችን ቀልዱን በተቻለ መጠን ከተቀመጥንበት ክፍል አርቆ ለመላክ የዋለ ጉልበት ነበር።

ስለ ርዕሱ አንድ ነገር ልበል። «ምን ልታዘዝ» አስተናጋጅ ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «መታዘዝ» የሚለው ቃላችን ለጌታ መገዛትንም፣ እንግዳን ማስተናገድንም አንድ ላይ አዝሏል። አንድ ፊደል ብቻ ቢለወጥ ደግሞ «ምን ልታዘብ» ይሆናል። የአስተናጋጅ ሥራ ሁለቱም ነው፤ እየታዘዘ ይታዘባል። ማን ለማን እንደሚከፍል፣ ማን ከማን ሚስት ጋር እንደሚመጣ፣ ማን ጮክ ብሎ ስለ ፍትሕ እያወራ የሰው ወንበር በእግሩ እንደሚገፋ የሚያውቅ እሱ ነው። ከእሱ የበለጠ የድራማ ሐያሲ በከተማው ውስጥ የለም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አላየሁም።

በሥራ ቦታ ላይ የሚሠራ ኮሜዲ በዓለም ላይ ለምን ይህን ያህል እንደተወደደ ሳስብ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል። ቤተሰብ በደም ይገናኛል፤ ጓደኛ በምርጫ ይገናኛል። የሥራ ባልደረባን ግን ያገናኘን እንጀራ ብቻ ነው። ባንመርጣቸውም ከሚስታችንና ከልጆቻችን ይልቅ ብዙ ሰዓት የምናሳልፈው ከእነሱ ጋር ነው። እንግሊዞቹ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት በ2001 እ.ኤ.አ. «ዘ ኦፊስ»ን ሲያቀርቡ የመረጡት ቦታ አንድ ወረቀት ነጋዴ ድርጅት ነበር፤ አሜሪካኖቹም በ2005 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሲጀምሩ ወረቀት መሸጡን አልለወጡትም። ከወረቀት የበለጠ ባዶ ነገር ምን አለ? ዋናው ጉዳይ አለቃው ነው። ሠራተኞቹ የሚወዱት፣ የሚያደንቁት፣ በቀልዱ የሚፈርሱለት የሚመስለው አለቃ። በእርግጥ ሥራቸውን እንዳያጡ ነው የሚስቁለት፤ እሱ ግን አያውቅም። ተመልካቹ በሳቅ መካከል ድንገት የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው። ፈረንጆቹ ግን «ይህ አለቃ የትኛው ሚኒስትር ነው?» ብለው ሲከራከሩ አይሰማም፤ «የእኔ አለቃ ነው» ነው የሚሉት። አልፎ አልፎ ደግሞ፣ ብልህ የሆነው፣ «እኔ ብሆንስ?» ይላል።

ከዚህ ቀረብ ያለ ምሳሌ ካስፈለገ ሞያሌን አስቡ። ድንበር ለሁለት የሚከፍላት ከተማ ናት። በወዲያኛው በኩል፣ በኬንያ፣ ሰዉ ለዓመታት ሲወደው የኖረ «ፓፓ ሺራንዱላ» የሚባል ኮሜዲ ነበር። ዋናውን ሰው የተጫወተው ቻርልስ ቡኬኮ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ሞተ። ገጸ ባሕርዩ ዘበኛ ነው። ዘበኛ መሆኑን ግን ከሚስቱም ከሰፈሩ ሰውም ይደብቃል። የቀልዱ ሁሉ ሞተር ይህቺው አንዲት ሐፍረት ናት። እዚህ ውስጥ ወርቅ መፈለግ አያሻም፤ ሰሙ ራሱ ይበቃል። አንድ ሰው ሌሊቱን ቆሞ የሌላውን ንብረት ጠብቆ ያገኛትን ገንዘብ ለቤቱ ይዞ ሲገባ የሚያፍርባት ከሆነ፣ ያሳፈረው ማነው? የኛ አገር ሰው ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በእጁ ሥራ ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ነው፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ቢሆን አስተናጋጇን በጭብጨባ ወይም በፉጨት የሚጠራ ደንበኛ በየቤቱ አለ።

ስለ ሳቅ የጻፉት ፈላስፎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም እዚህ መደርደር አልፈልግም። አንዱን ግን ማለፍ አልቻልኩም። አፍላጦን «ፊሌበስ» በተባለው መጽሐፉ የሚያስቅ ነገር ሥሩ ራስን አለማወቅ ነው ይላል። ከሆነው በላይ ሀብታም፣ ከሆነው በላይ መልከ መልካም፣ በተለይም ከሆነው በላይ ጠቢብ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ያስቃል። ነገር ግን አፍላጦን አንድ ልዩነት ይጨምራል፦ ይህ ራሱን የማያውቅ ሰው ደካማ ከሆነ ያስቃል፤ ኃይል ያለው ከሆነ ግን ያስፈራል። ይህቺን ሳነብ የቴሌቪዥኑ ጥበብ ተገለጠልኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ የሚያስፈራን ሰው መስታወቱ ውስጥ ሲገባ ኃይሉን በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው። ሊያባርረን፣ ደሞዛችንን ሊቆርጥ አይችልም። ስለዚህ እንስቅበታለን። የማያውቀው ራሱን ነው፤ የምንስቀው እኛ ነን።

ታዲያ እኛስ ራሳችንን አወቅን ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጌታ ላይ ከጀርባ የሚነገር ቀልድ እንፋሎት ማስተንፈሻ ብቻ አይደለም፤ ለነገው እምቢታ ልምምድም ነው ብሎ ይከራከራል። (መጽሐፉን የሚከፍተው የኢትዮጵያውያን ነው በሚለው አንድ ተረት ነው፤ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ አጎንብሶ እጅ እየነሣ ድምፅ ሳያሰማ ፈሱን ይለቃል የሚል። እኔ ይህንን ተረት በአማርኛ ሰምቼው አላውቅም፤ ሆኖም ከኛ ነው ቢሉኝ አልክድም።) ስኮት ትክክል ይሆናል። ግን እሱ የሚናገረው ስለ ገበሬው ሳቅ ነው። በጓዳ የሚስቀው ገበሬ ከሆነ ልምምድ ነው። ጌታው ራሱ ከገበሬው አጠገብ ተቀምጦ፣ ስለ ሌላ ጌታ በሚነገር ቀልድ አብሮ ሲስቅ ግን ምን ይባላል? ለዚህ ስም የለኝም። ያን ምሽት ግን ነገሌ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ እኔም ከነማን ጋር ተቀምጬ እንደነበር ልብ አላልኩም።

ነገሌ ደግሞ ይህንን ጥያቄ ለመጠየቅ ተራ ከተማ አይደለችም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በአለቆቻቸው ላይ የተነሡት በፍልስፍና ምክንያት አልነበረም፤ በውኃና በምግብ ነው። የተራው ወታደር የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ደህና ነበር፤ መኮንኖቹ ግን ወታደሩ ከዚያ እንዲጠጣ አልፈቀዱም። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን ውኃ አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አስመራ የተሻገረው፤ የካቲትም መጣ፣ የቀረውም ተከተለ።

ስለ አብዮቱ ብዙ ተጽፏል፤ ያስከተለውንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚያቆመኝ ያ ብርጭቆ ነው። በዚያ ቀን ማንም ሰምና ወርቅ አልተናገረም። ውኃው ውኃ ነበር። ጄኔራሉ የተጠየቁት ምሳሌ እንዲፈቱ ሳይሆን እንዲጠጡ ነው። ከቀልድ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። በእኔ እምነት የሥራ ቦታ ኮሜዲ ደህና ሆኖ ሲሠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያለ ጠመንጃና ያለ ደም። ከባንኮኒው በወዲያ በኩል የለመደውን ሰው አንሥቶ በወዲህ በኩል ያስቀምጠዋል፤ ለግማሽ ሰዓት የአስተናጋጇን ውኃ ያጠጣዋል። ተመልካቹ ግን ብርጭቆውን ተቀብሎ «ይህ ውኃ አይደለም፤ ምሳሌ ነው» ካለ ሳይጠጣ መለሰው ማለት ነው።

ሽማግሌው ይህንን ጥያቄ ከየት እንዳመጡት የገባኝ ከነገሌ ወደ ያቤሎ፣ ከዚያም ወደ ዱብሉቅ ወርጄ የቦረናን ኤላ ካየሁ በኋላ ነው። ኤላው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን እጅ በእጅ ያቀባብሉታል፤ ላይ ሲደርስ በጭቃ ገንዳ ይገለበጥና ከብቱ ይጠጣል። የዘፈኑ ምት ከተሰበረ ባልዲው ይደፋል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ በተራ ነው፤ ተራውን የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው ማንኛውንም የሥራ ቦታ ሲያይ ቀድሞ የሚጠይቀው ማን ይቀዳል፣ ማን ይጠጣል፣ ተራውን የሚጠብቀው ማነው ብሎ ነው። የአራት ኪሎን ሰዎች ስም ዝርዝር አያውቁ ይሆናል። ቀልዱ የደረሳቸው በትርጉም ነው፤ በትርጉም መንገድ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚረግፈው ወርቁ ነው። የቀረላቸው ሰሙ ብቻ ነበር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ ወዲያ ወዲህ የሚላላኩ ልጆች። ከሁላችን ድራማውን በትክክል ያዩት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ቁርስ ልበላ ወደዚያው ካፌ ሄድኩ። ቤቱ ገና ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ትናንት ያስተናገደችን ልጅ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። መብራት ተመልሷል። በቴሌቪዥኑ የትናንቱ ክፍል በድጋሚ ይተላለፋል፤ ድምፁ ተዘግቷል።

«ደህና አደርሽ እህቴ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና አደሩ?» አለችና ትንሽ አመነታች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትናንቱን ሂሳብ…»

ሂሳብ! ለካ መብራት ሲሄድ እየተከራከርን ወጥተናል እንጂ የከፈለ አልነበረም። እኔ መምህሩ የከፈለ መስሎኝ፣ መምህሩ ባንክ ሠራተኛው፣ ባንክ ሠራተኛውም እንግዳው የከፈለ መስሎት። 78 ብር ነበር። «ለባለቤቱ ነግሬ እከፍላለሁ» ስላት «ግድ የለም፣ ከእኔ ተይዟል» አለች፤ ቅሬታ የለበትም አነጋገሯ፣ ዝናብ ዘንቧል እንደሚል ሰው ነው። ሳይከፍል የሄደ ደንበኛ ሂሳብ ካስተናጋጇ ይቆረጣል፤ የተሰበረ ብርጭቆም እንዲሁ። ልማድ ነው፤ አዲስ አበባም ያለ ልማድ ነው። ደሞዟን ጠየቅኳት። በወር 600 ብር አለችኝ። ልቤ ሳልፈልግ ያሰላል፦ የአራት ቀን ደሞዝ ለመሙላት ሁለት ብር የቀረው።

ባለቤቱ ከጓዳ ወጣ። ትናንት ወንድማማች ሆነን አምሽተናልና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ገንዘቡን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። «አይ አንተ! ምን ያጣድፍሃል?» እያለ ሳበውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ለልጅቱ «ከአንቺ የያዝኩትን ሰርዤዋለሁ» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ደብተር አልገለጠም። እሷም ወለሉን መወልወሏን አላቋረጠችም። «ያንን 78 ብር ለእሷ መልስላት» ማለት ስድስት ቃል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጭቆና የተናገረው አፌ እነዚያን ስድስት ቃላት ማውጣት አቃተው። እንግዳ ነኝ አልኩ ለራሴ። በሰው ቤት ምን አገባኝ አልኩ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፣ ትናንት አንድ ዙር ጋብዞናል እኮ አልኩ። (የጋበዘን ዙር ከ78ቱ ውስጥ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።)

«የሚቀጥለውን ክፍል እዚሁ ብታየው እንዴት ጥሩ ነበር» አለኝ ባለቤቱ። «ደግሞ አንተ የነገርከን ሰውዬ መሆኑን እኔም አሁን ገብቶኛል። ቁርጥ እሱን!»

ሻዬን ቶሎ ጠጣሁ። ከፈልኩ፤ ለልጅቱም ትሪው ላይ 50 ብር ተውኩላት። ይህንን የምጽፈው ልመሰገን አይደለም፤ 28 ብር መጉደሉን ያስተዋልኩት አዶላን ካለፍኩ በኋላ ነው ብል ትክክለኛ አልሆንም። እዚያው አስተውዬዋለሁ። ለመንገድ የያዝኩት ገንዘብ ጥቂት ነበር።

ልወጣ ስል ድንገት የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ልጅቱ መወልወያዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቴሌቪዥኑን ቀና ብላ ታያለች። ድምፅ የለም፤ አስተናጋጅ ሆና የምትሠራው ተዋናይት ለደንበኛ መጠጥ ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላ ምንም የለም። ትናንት እዚህ ቦታ ላይ አንዳችንም አልሳቅንም፤ ያኔ ስለ ወንበሯ ትርጉም እየተከራከርን ነበር።

«ምኑ ነው ያሳቀሽ?» አልኳት።

«አያያዟን አያዩትም?» አለች በአገጯ እያመለከተች። «ትሪ በሁለት እጅ! ታዲያ በሩን በምኗ ልትከፍተው ነው?»